«ቤቶች!» ባዩ አሮጌ ሞተር

ተረት ተረት ስላችሁ «እህ» በሉኝ እንጂ! እህ ባይ ካጣሁ እኔም እንደዚያ አሮጌ ሞተር መሀል መንገድ ላይ ቀጥ እላለሁ።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ጣና ዳር ይኼነው የሚባል ጀልባ ነጂ ነበር። ጀልባው ላይ አንድ ሞተር ነበረው። ገመዱ ሲሳብ «እህ!» ይላል። ሲደገም «እህ! እህ!» ይላል። በሦስተኛው ሐይቁን ሁሉ በሳል ቀስቅሶ ይነሣል። ይኼነው ሚስቱን ጠጂቱን ከደሴቷ ያመጣት በዚህ ሞተር ነው። ሙሽራዪቱ በሳሉ እየሳቀች ሚዜዎቹን ሁሉ አሳቀቻቸው። ያን ሳቅ ባስታወሰ ቁጥር ሆዱ ይባባል።

ምን ይሆናል፣ ሞተሩ አረጀ። አንድ ቀን መሀል ሐይቅ ላይ ቀጥ አለ።

«እኔስ ሰለቸኝ!» አለች ጀልባዋ። «እንዲህ አምሬ፣ ሲያስል የሚውል ሽማግሌ ተሸክሜ እስከ መቼ?»

«ወትሮም እኔ እሻል ነበር» አለ መቅዘፊያው። «አንድ ቀን ቤንዚን አጠጡኝ ብዬ አውቃለሁ?»

ሞተሩ ግን «ይኼነው፣ ውስጤን ብታሳድሰው ገና አገለግልሃለሁ። አደራህን፣ ለልዋጭ አትስጠኝ» አለ።

ይኼነው ጨነቀው። ያሳድሰው ወይስ ይለውጠው? ጠጂቱን ቢያማክራት «አዬ! እኔማ እወደዋለሁ፤ ግን መሀል ሐይቅ ላይ ከሚያስቀረን ይቅርብን» አለችው። በዚህ መሀል አንድ ነጋዴ አዲስ ሞተር ይዞ መጣና «ወስደህ ሞክረው» አለው።

ይኼነውም አዲሱን ገጠመ። አሮጌውን በጆንያ ሸፍኖ ጀልባዋ ወለል ላይ አስቀመጠው፤ ማዶ ገበያ ወስዶ ለልዋጭ ሊሰጠው ነው። ጠጂቱም አብራው ተሳፈረች።

አዲሱ ሞተር እንደ ድመት ኮሽ ሳይል ተንሸራተተ።

«አያችሁ ጨዋነት?» አለች ጀልባዋ።

«ስመጣም ስሄድም ማንም አይሰማኝም» አለ አዲሱ እየተኩራራ።

እውነቱን ነው፤ ማንም አልሰማውም። ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ሥር ጉማሬ ከግልገሏ ጋር ተኝታ ነበር፤ ዘው አለባት! ጉማሬዋ አፏን ከፍታ ተነሣች። ጀልባዋ ተንጋደደች። አዲሱ ሞተር ውሃ ውጦ ጸጥ አለ።

«ኧረ ቂርቆስ ድረስልን!» ብላ ጮኸች ጠጂቱ።

የለመደ እጅ ነውና፣ ይኼነው ጆንያውን ገልጦ የአሮጌውን ገመድ ሳበ። «እህ!» የጉማሬዋ ጆሮ ቆመ። ደግሞ ሳበ። «እህ! እህ!» አፏ ተገጠመ። ሦስተኛ ሳበ። ሞተሩ አልተነሣም፤ ከሆዱ ግን አንድ ረጅም ሳል ወጣ።

«አንተ ነህ እንዴ ሽማግሌው?» አለች ጉማሬዋ። «እናቴ ድምፅህን ስትሰማ ‹ልጆቼ፣ እንግዳ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ› ትለን ነበር። አንተ እኮ ደጃችን ስትደርስ ‹ቤቶች!› ሳትል አልፈህ አታውቅም። ይህ የማን ባለጌ ነው፣ የሰው ቤት ዘው የሚለው?»

ጉማሬዋ ግልገሏን አስከትላ ወደ ጥልቁ ገባች።

ይኼነው አሮጌውን ሞተር አቅፎ አለቀሰ። «ልጥልህ ነበር እኮ! አፉ በለኝ» አለው።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለ ሞተሩ። «ወደ መካኒክ ብቻ አድርሰኝ።»

«እኔው አደርሳችኋለሁ፣ ሌላ ማን አላችሁ!» አለ መቅዘፊያው፤ ያን ቀን እንደ ኮራ ዋለ።

ይኼነው አዲሱን ለነጋዴው መለሰና አሮጌውን መካኒኩ ፊት አስቀመጠ። «ውስጡን ሁሉ አድስልኝ። ሳሉን ግን አደራ፣ እንዳትነካብኝ!» አለው። መካኒኩ የሰማውን ማመን አቃተው፤ ቢሆንም እንደተባለው አደረገ።

ሞተሩ ታድሶ ሐይቁ ላይ ሲወጣ «እህ!» አለ፣ «እህ! እህ!» አለ፣ ተነሣ። ደንገሉ ሥር ጉማሬዋ ግልገሏን ቀስቅሳ መንገድ ለቀቀች። ጠጂቱም እንደዚያን ጊዜ፣ እንደ ሙሽርነቷ፣ ከት ብላ ሳቀች።

ተረቴን ወደ ሐይቁ መልሱ፣ አፌን በዓሣ አብሱ። ይህችን ግን ለራሳችሁ አስቀሩ፦ «ቤቶች!» ሳይል የገባ፣ ቢያምርበትም ሌባ።