የርግብ አንገት የመሰለው ጠገራ

ይህችን ተረት የማይተርት የለም፤ ከአንዲት ሴት አንገት መነሣቷን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

እንጉዳይ ጉልበቷን ቢያማት ፍልውሃ ወርዳ ሁለት ሳምንት ሰንብታ ተመለሰች። ተሽሏት ነበር። ባሏ ደምሌ ግን ያየው ጉልበቷን አይደለም፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የእናቱን ጠገራ ብር ነው። ነጭ የነበረው ጠገራ መሀሉ ጠቁሮ፣ ጠርዙ እንደ ርግብ አንገት ያብለጨልጫል።

«እናቴ በሠርግሽ ቀን ያሰረችልሽን ሸጠሽ እርሳስ አንጠልጥለሽ መጣሽ?»

«ኧረ እመብርሃን ምስክሬ ናት! ከአንገቴ አልወለቀም።»

«ያልወለቀ ብር ይጠቁራል? ወንድሞችሽ ናቸው የበሉት!»

በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። ደምሌ ፍቺ ጠየቀ። ከተፈረደለት እንጉዳይ ሦስት ልጆቿን ትታ በሌብነት ስም እናቷ ቤት መግባቷ ነው። ሽማግሌዎቹ ጠገራውን ተቀባበሉት። አንዱ ነከሰው፣ አንዱ አሸተተው፣ አንዱ «ዓይን በልቶት ነው» አለ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በልቧ ትጸልያለች።

አንጥረኛው ጣሰው ዳር ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ብር ያቀለጠ ሰው ነው፤ ግን ቀጥቃጭ ነው ተብሎ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥም፣ አይጠየቅምም። ነገሩ ሲጠናባቸው የሁሉ ታላቅ የሆኑት ባሻ ወንድይፍራው፣ «እስቲ ጣሰው፣ አንተም እየው» አሉ።

ጣሰው ጠገራውን ተቀብሎ ያየው እሷን ነው።

«እቴ፣ ፍልውሃው ስትገቢ ታወልቂው ነበር?»

«እንዴት ብዬ! አማቴ ‹እስክትሞቺ እንዳታወልቂው› ብለውኝ።»

«በቃ። ያ ውሃ ድኝ አለበት፤ ብር ያጠቁራል። አመድና ሎሚ አምጡልኝ።»

አሸው፤ ደግሞ አሸው። ጥቁሩ እየለቀቀ ነጩ ወጣ። በጀርባውም ደምሌ የተወለደ ዕለት እናቱ ያስጫረችው ቀጭን መስቀል ብቅ አለ። ደምሌ መስቀሉን በጣቱ ዳሰሰና አቀረቀረ።

«አገር ሰብስበህ ሌባ አሰኘኸኝ» አለች እንጉዳይ፣ «የት ነበርሽ፣ እንዴት ታጠብሽ ብለህ ግን አንዴ አልጠየቅኸኝም።»

ባሻ ወንድይፍራው ጠጋ ብለው ለአንጥረኛው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት፤ ጠገራውን ለእንጉዳይ መለሱላትና ወደ ደምሌ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «ሳያጥቡት ብር፣ ሳይሰሙት ሰው አይጣልም።»