ሥራ ያልተሰጠው መንታ

ይትባረክ መምህሩ የነገሩትን ታሪክ ቃል በቃል መያዙን እርግጠኛ አይደለም፤ ማሽላ ያለው በቆሎም ሊሆን ይችላል። ራሱ የጠየቀውን ጥያቄ ግን አልረሳም። ለመመረቂያው የሠራው የልብ ምት ማዳመጫ እየጮኸ አስቸግሮት ነበር። በመሣሪያው ቺፕ ውስጥ ደካማ ድምፅ የሚያጎሉ ሁለት ማጉያዎች አሉ፤ እሱ የተጠቀመው በአንዱ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን እኮ አልነካሁትም፤ የሽቦ እግሮቹን ከምንም ሳላገናኝ ባዶ ነው የተውኳቸው። ያልነካሁት ነገር እንዴት ይረብሻል?» ሲል መምህሩን ጠየቀ።

መምህሩ እንዲህ አሉት፦

«አንድ ሰው ነበረ። ገደል ሥር ማሽላ ዘርቶ ዝንጀሮ ሊጨርስበት ሆነ። ጆሯቸው የተመሰከረላቸው መንትዮች ዘንድ ሄዶ አንዱን ቢጠይቅ ‹ተለያይተን አንሠራም› አሉት። ሁለቱንም አመጣና አንድ ማማ ላይ አወጣቸው። አንዱን ‹ገደሉን ጠብቅ›፣ ሌላውን ‹አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ› አላቸው።

ሥራ ፈቱም ጆሮ ነበረው። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ‹መጣ!› ብሎ ይዘላል። እሱ ሲዘል ማማው ይናወጣል፤ ወንድሙም የገደሉን ድምፅ ያጣል። ገበሬው ወንጭፉን ይዞ በከንቱ ይሮጣል። ጎረቤቱ ‹ዛሬስ ስንት ወፍ ማረክህ?› ይለዋል። የዓመት ቀለቡ እኩሌታ በዝንጀሮ ተበላ።

በመጨረሻ ገበሬው ማማው ላይ ወጣ። ሊያባርራቸው የመጣ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ሥራ ፈቱን ትከሻውን ይዞ ወደ እርሻው መሃል አዞረው። ‹ከቦታዋ የማትነቃነቀውን ያችን ግራር እያየህ «አለች» እያልክ ተቀመጥ። ድምፅህን በገዛ ጆሮህ ስማ፤ ከፍ ካለ ዝቅ አድርገው።›

ማማው ረጋ። ወንድሙ አንዲት ጠጠር ከገደሉ ስትንከባለል ሰማና ጮኸ። ገበሬው ወንጭፉን ይዞ ደረሰ፤ መንጋው አንድ ዘለላ ሳይቀምስ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ገበያ መሃል ደረቱን ነፍቶ ‹ሁለቱም ጠባቂዎቼ ናቸው› ይል ነበር።»

መምህሩ ወደ ይትባረክ ዞሩ። «ልጄ፣ የቺፕህ ማጉያዎች እነዚያ መንትዮች ናቸው፤ የሚበሉት ከአንድ ባትሪ ነው። ሥራ ያልሰጠኸው ያረፈ እንዳይመስልህ፤ ባዶ የተተወ ጆሮ የነፋሱን ሁሉ ያስተጋባል። የሁለተኛውን ፕላስ መግቢያ ከባትሪው ቮልቴጅ እኩሌታ ጋር እሰረው፤ ግራሩ ያ ነው። መውጫውን ወደ ራሱ ማይነስ መግቢያ መልሰው፤ ድምፁን በገዛ ጆሮው የሚሰማው በዚያ ነው። ያኔ የተሰጠውን ይዞ ይቀመጣል።»

ይትባረክ እንደተባለው አሰረና ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገ። ልቡ ጥርት ብሎ ተሰማ። መምህሩ ክፍሉን በሙሉ ጠርተው «ኑ ስሙ! የእኔ ተማሪ ሥራ ነው!» አሉ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ግን ይትባረክ ተጠራጥሮ ሥራ ፈት የነበረውን ማጉያ በቮልቴጅ መለኪያ ለካው። ባትሪው ዘጠኝ ቮልት ነበር፤ የሁለተኛው ማጉያ መውጫ ልክ እኩሌታው፣ አራት ተኩል ላይ ቆሟል፤ ንቅንቅ አላለም።