ስሙ የተሸፈነው ጥናት

አንድ የዓይንና የአንጎል ተመራማሪ ነበር፤ ፕሮፌሰር ይልቃል ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የለፋው ለአንድ ሐሳብ ነው። "ሰው መጀመሪያ አይቶ ኋላ የሚፈርድ ይመስለዋል። የምናየው ግን አንጎላችን አስቀድሞ የጠበቀውን ነው" ይል ነበር። ይህን በማስረጃ ማረጋገጥ ግን አልቻለም። ባልደረቦቹም በየስብሰባው ፈገግ ብለው ያልፉታል።

ኅሩይ ባይኖር ይህ ሁሉ ባልከፋው ነበር። ኅሩይ አብሮት የተማረ፣ በአንድ ክፍል አብሮት የኖረ ጓደኛው ነው። አሁን ትልቅ ቤተ ሙከራ አለው፤ ውድ የአንጎል መቅረጫ ማሽን ተገዝቶለታል፤ ሽልማቱም በላይ በላዩ ነው። ይልቃል ስሙን በሰማ ቁጥር አንጀቱ ያርራል። ኅሩይ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ሌላው ሰው ንግግሩን ያዳምጣል፤ ይልቃል የክራቫቱን መጣመም ያያል። "እኔ ከሱ በምን አንሼ ነው?" ማለት የዘወትር ጸሎቱ ሆነ።

በእነዚህ ሰዎች ሙያ አንድ ልማድ አለ። አዲስ ጥናት ከመታተሙ በፊት የመጽሔቱ አዘጋጆች የጸሐፊውን ስም ሸፍነው ለሁለት ገምጋሚዎች ይልኩታል። ጸሐፊውም ገምጋሚዎቹ እነማን እንደሆኑ አያውቅም። ወዳጅነትም ሆነ ቂም ፍርዱን እንዳያበላሽ የታሰበ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጥናት ለይልቃል ደረሰው። መግቢያው ላይ ስለ አንጎል መቅረጫ ማሽን ሲያነብ ደሙ ፈላ። "ይሄ ኅሩይ ነው! ደግሞ በእኔ ሐሳብ ላይ መጣ?" አለ። ከዚያ በኋላ ንባቡ ስህተት ፍለጋ ብቻ ሆነ። ሰንጠረዦቹን ዘለላቸው፤ ማጠቃለያው ጋ አልደረሰም። "ለዝና የተጻፈ ከንቱ ድካም ነው፤ መታተም የለበትም" ብሎ ላከ። የዚያን ዕለት ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ሳምንታት አለፉና የቢሮው በር ተንኳኳ። የገባችው ጽጌማርያም ነበረች፤ እሱ ራሱ ምርምር ያስተማራት፣ አሁን በሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ፣ እንደ ልጁ የሚያያት ሴት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?"

"መምህር፣ ላስደስትዎ ብዬ ደብቄዎት ነበር። ሐሳብዎን ፈተንኩት። ደብዛዛ ሥዕል ከማሳየቴ በፊት ለአንዳንዱ ውሻ ነው፣ ለሌላው ድንጋይ ነው አልኳቸው። በአንጎል መቅረጫ ማሽን ሳየው፣ ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት አንጎላቸው የነገርኳቸውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ልክ ነበሩ!"

"ታዲያ ይሄ ምኑ ያስለቅሳል?"

"አንደኛው ገምጋሚ፣ 'ይህን ሐሳብ ይልቃል ተማሪ ሳለን ሲነግረኝ ስቄበት ነበር። ልክ እሱ ነበር፤ ጥናቱ በአስቸኳይ ይታተም' ብሏል። ሌላው ግን ከንቱ ድካም ነው ብሎ ጣለው። በእሱ ምክንያት አዘጋጆቹ መለሱብኝ። መምህር፣ እኔ ይህን ሰው ምን በድዬው ነው?"

ይልቃል ተማሪ ሳለ ሐሳቡን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለኅሩይ። አንገቱን ደፋ። አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ አዘነ።

"አንቺማ ምንም አልበደልሽም። ያ ሰው ያየው አንቺን አይደለም፤ ኅሩይን ነው።"

"እርስዎ እንዴት ሊያውቁ ቻሉ?"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

ጽጌማርያም ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

"መምህር፣ ሐሳብዎ ልክ መሆኑን ለማወቅ ማሽን አያስፈልገኝም ነበር። እርስዎን ማየት ይበቃኝ ነበር" ብላ ወጣች።

ይልቃል በዚያው ቀን ለአዘጋጆቹ እውነቱን ጻፈ። ነገር ግን ዘግይቶ ነበር። መልሳቸው ሳይደርሰው በሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ግኝት አሳተሙ፤ ዓለምም አጨበጨበላቸው። በጥናታቸው ውስጥ የይልቃል ስም የለም። ስለ እሱ ሰምተውም አያውቁም።

ወዳጆቼ፣ ቅናት ዓይንን አያሳውርም፤ እንዲያውም የሌለውን ሰው አጉልቶ ያሳያል። ይልቃል ባላንጣውን የጣለ መስሎት የገዛ ዕድሜውን ልፋት ጣለ። ያ የጠላው ሰው ደግሞ በስውር እየመሰከረለት ነበር። እስቲ እናስበው፤ ስም ተሸፍኖ እንኳ እንዲህ ከተፈረደ፣ ስማቸውን እያወቅን የፈረድንባቸው ሰዎች ስንት ይሆኑ?