መጽሐፉ ላይ የተቀመጠው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። የአባቱ ቦታ ለባዕድ ሲሰጥ ቆሞ ያየ ሰው ነበረ። አንተም መምህርነት የሚወረሰው በደም ነው ወይስ በመጽሐፍ ብለህ ስለጠየቅኸኝ፣ የእሱን ነገር ልንገርህ።

አባቱ በአምስቱ ወንዞች አገር፣ ሲኽ የተባልነው ደቀ መዛሙርት ገና በጥቂት መንደሮች ብቻ በነበርንበት ዘመን፣ መምህር ነበር። እሱ መዝሙር ይደርሳል፤ አንድ ዓይነ ስውር ዘማሪ አውታሩን እየመታ ያዜምለታል፤ ሕዝቡም ይቀበላል። መምህሩን ማየት የፈለገ ሁሉ ግን አስቀድሞ መብላት ነበረበት። ባለርስቱም ቆዳ ፋቂውም በአንድ ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጠው ያንኑ ቂጣ በዚያው ምስር ይበላሉ። ይህን የተጸየፈ ከደጅ ይመለሳል።

መምህሩ ሲያረጅ ልጄ ይተካኛል አላለም። ለማዕዱ ዐሥራ ስምንት ዓመት እንጨት ሲፈልጥ የኖረውን ሰው ጠርቶ ራሱ እየተቀመጠ ከሚያስተምርበት ድንክ አልጋ ላይ አስቀመጠውና በሕዝብ ፊት እግሩ ላይ ወደቀ። ልጁ ይህን አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልጣመውም።

አባቱ እንደ ሞተ፣ ልጁ መዝሙሮቹ የተጻፉበትን መጽሐፍ ይዞ ወንዝ ማዶ ወደነበረው የአያቶቹ ቤት ሄደ። እንጨት ፈላጩ አልጋውን ይውሰድ፣ ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ነው አለ። መጽሐፉን በሣጥን ቆለፈበት። ሣጥኑ ላይ ምንጣፍ አነጠፈና፣ እዚያው ላይ ተቀምጦ ሰው እስኪመጣ ይጠብቅ ጀመር።

መጀመሪያ ሰው አልጠፋም፤ ዘመድም መጣ፣ ወሬ ፈላጊም መጣ። እስቲ ከመጽሐፉ አንብብልን ሲሉት ግን፣ በቃላቸው ይዘው ይሄዱብኛል ብሎ ፈራና ሣጥኑን አልከፍትም አለ። ለተዘጋ ሣጥን ማን ይሰግዳል? ሰዉ አንድ በአንድ ቀረ። ዐሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ጠዋት ተነሥቶ ደጁን ይጠርጋል፤ ማንም ስለማይረግጠው ማታም እንደተጠረገ ያገኘዋል።

በዚህ መሃል እሱም መዝሙር መድረስ ጀመረ። በአገሩ ልማድ የመዝሙር መጨረሻ ስንኝ ላይ የደራሲው ስም ይጠራል። በመምህሩ ስም መዘመር የሚችለው ደግሞ ከመምህሩ የተረከበው ብቻ ነው፤ ከአንድ መብራት የተለኮሰ መብራት ያው ብርሃን ነውና። ልጁ ግን በየመዝሙሩ መጨረሻ የአባቱን ስም እየጻፈ፣ የጻፈባቸውን የወረቀት ቅጠሎች ከመጽሐፉ ጋር ሰፋቸው። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንዲሉ፣ ይሄ ያንተ አይደለም የሚለው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ያ ዓይነ ስውር ዘማሪ፣ አርጅቶ፣ በትሩን እየመረኮዘ መጣ። ከአንድ መዝሙር ላይ አንድ ስንኝ ጠፍቶበት ነበር። ልጁ የሰው ኮቴ ሲሰማ ሮጦ ወጣ። የሽማግሌውን እግር አጠበ፤ ቤቱ የቀረችውን ወተት አጠጣው። ከዚያም ሣጥኑን ከፈተና የጠፋውን ስንኝ አነበበለት። ሽማግሌው ደስ አለው፤ ዘመረው። ልጁ ይህን ሲያይ ደፈረና ከራሱ መዝሙሮች አንዱን አነበበለት።

ሽማግሌው አውታሩን ጥቂት መታና በእጁ ዝም አሰኘው።

«ይህኛው የአባትህ አይደለም» አለው።

«ስሙ አለበት እኮ።»

«አለበት። አባትህ ግን ሁልጊዜ ደጅ ቆሞ ነበር የሚለምነው። ይሄ ሰው በሩን ከውስጥ ዘግቶ ነው የሚያለቅሰው። አሳዘነኝ። ማን ነው?» አለ።

በዐሥራ ሁለት ዓመት ማን ነህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ልጁ ሽማግሌው ፊት ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

በማግስቱ የራሱን ቅጠሎች ከስፌቱ ፈታና መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ራሱ ላይ ተሸከመ። ዓይነ ስውሩን ወንዙን አሻግሮ ወደ አባቱ መንደር ወረደ። እዚያም እንደ ማንኛውም እንግዳ ረድፉ ውስጥ ገባ። ማንም አላወቀውም። አንድ ዘይት ጨማቂ ጠጋ በልልኝ አለው፤ ጠጋ አለለት። ከቂጣው ቆርሶ በላ።

ከዚያ ወደ እንጨት ፈላጩ ገባ። ይሄ ሰው መጽሐፌን ተቀብሎ ይኮፈስብኛል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እንጨት ፈላጩ ግን መጽሐፉን ሲያይ ከአልጋው ወረደ። መጽሐፉን አልጋው ላይ አኖረው፤ በገዛ ነጠላው ሸፈነው፤ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰገደና ከልጁ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ለማን እንደሚሰግድ ግራ ገብቶት ሲያጉረመርም፣ «እኔም የዚህ መጽሐፍ ተማሪ ነኝ» አለ። ከዚያም ወደ ልጁ ዞሮ፣ «የአባትህን የእጅ ጽሕፈት ካንተ በላይ የሚያውቀው የለምና፣ አንብብልን» አለው።

ልጁ ያን ጊዜ ሣጥኑ ትዝ አለው፤ ምንጣፉም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦበት ነበር።

አነበበላቸው። ብቸኝነቱ በአንድ ቀን አልለቀቀውም፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የኖረ እንግዳ በአንድ ቀን አይወጣም። ኋላ መዝሙር ሲደርስ ግን በገዛ ስሙ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም አባትህ የንባቡን ቦታ ለሸማኔው ሲተውለት አኮረፍህ፤ መጽሐፉን ቤትህ ወስደህ ቆለፍህበት። ሦስት ዓመት ሆነህ፤ ከስተሃል፣ ሰውም ወደ አንተ አይመጣም። የጠየቅኸኝ ነገር መልሱ ይኸው ነው፦ ያ እንጨት ፈላጭ መምህር የሆነው ከቃሉ በታች መቀመጥ ስላወቀበት ነው። አንተ ካወቅህበት፣ የማን ልጅ እንደሆንህ ማንም አይጠይቅህም። ሸማኔው ዓይኑ ደክሟል፤ አንባቢ ይፈልጋል። መጽሐፉን ነገ ታመጣዋለህ። ዛሬ ግን ማዕዱን አልፈህ በቀጥታ ወደ እኔ እንደገባህ አይቻለሁ። ረድፉ አልተነሣም፤ ሂድና ብላ።