ያላመማት ቁስል

የእመቤታችን ወዳጆች ሆይ፣ በኪዳነ ምሕረት ደብር አጠገብ ለምትኖር የውብዳር ለተባለች ሴት የተደረገውን ስሙ። ይህች ጡረታ የወጣች የስልክ ቤት ሠራተኛ የአጥንት መቅኔ ካንሰር በያዛት ጊዜ፣ በየቀኑ ከቤቷ በባዶ እግሯ መጥታ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ልትዞር ተሳለች። ስድስት ዓመትም መድኃኒት ወሰደችና በሽታው ጋብ አለላት፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ነርቮቿን ጎድቶ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ስሜት አሳጣት።

ሐኪሙም፣ «እትዬ፣ ጫማ ያድርጉ፤ ውስጥ እግርዎንም በየቀኑ በመስታወት ይዩ። ሳያውቁት ቢቆስሉ ሰውነትዎ አይቋቋመውም» አላት። እርሷ ግን ጠጠሩ አልቆረቁር ቢላት እመቤታችን መንገዱን ያለዘበችላት መስሏት ደስ አላት።

ከዚያም በጾመ ፍልሰታ በእኩለ ቀን፣ ካፊያ እየጣለ ስትዞር፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ከጎኗ ታነክስ ጀመር። የውብዳር ቀኝ እግሯን ባሳረፈች ቁጥር ሴቲቱ ታቃስታለች፤ ስትቆም ዝም ትላለች።

«ምነው እናቴ፣ እግርሽን አመመሽ?»

«የምትረግጪው አንቺ፣ የሚያመው እኔን።»

«ኧረ ተይኝ! እኔ እንኳ ፍም ላይ ብቆም አላውቀውም» ብላ ሳቀች።

«እንግዲያው ርገጪ።»

ረገጠች። ጩኸት ቅጽሩን ሞላው፤ ርግቦች ከጉልላቱ ተነሡ። ምእመናኑ ዞረው ያዩት ግን የውብዳርን ነበር።

ዲያቆን ፍሥሐ ሮጦ መጣና፣ «እትዬ፣ ምን ሆነው ነው የሚጮኹት?» አላት።

«እኔ አልጮኽኩም፤ እርሷ ናት!»

«የቷ? ከእርስዎ አፍ ነው የወጣው።»

ከጎኗ ማንም አልነበረም። ዲያቆኑ እግሯን ቢያነሣው የዛገ ምስማር እስከ ራሱ ገብቶበት፣ ዙሪያው ጠቁሮ ሸትቶ ነበር። ስንት ቀን እንደቆየ አላወቀችም።

በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ገባችና ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ጠረገላት፤ «ሁለት ቀን ቢዘገዩ ከጉልበትዎ በታች እንቆርጠው ነበር» አላት። እግሯም ዳነ፤ ስሜቱ ግን አልተመለሰም። የንስሐ አባቷ በጫማ እንድትመጣ፣ በቅጽሩም ውስጥ በወፍራም ካልሲ እንድትዞር አዘዟት።

እርሷም፣ «እኔን ያላመመኝ ያመመሽ እመቤቴ ሆይ፣ አመሰግንሻለሁ» እያለች ትዞራለች። አንዳንድ ቀን ከጎኗ የእግር ኮቴ ትሰማለች፤ የማያነክስ።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ እናንተ ሳታውቁት የሚያመረቅዘውን ቁስላችሁን እመቤታችን ቀድማ ትወቅላችሁ፤ በጊዜውም ታስጩኻችሁ፤ ለዘላለሙ አሜን።