ስጦታ የመሰላት ጡረታ

በብሪታንያ፣ በዌልስ ተራሮች ሥር፣ አንዲት አሮጊት ነበረች። ባሏን የከሰል ጉድጓድ በልቶባታል። የቀራት በስተርጅና የወለደችው አንድ ልጅ ነው፤ ኤምሪስ ይባላል፤ እሱም ከሰል ቆፋሪ ነው።

ያኔ አንድ ሚኒስትር፣ ሰባ ዓመት የሞላው ድኻ ጡረታ ያግኝ የሚል ሕግ አስወጡ። ሰባ ያለፋት ሴትዮዋ ጡረታው ሲደርሳት ይህን እንዴት ተረዳችው? ሚኒስትሩ ከኪሳቸው የሚልኩላት መሰላት። በየሳምንቱ ጡረታዋን ልትቀበል ፖስታ ቤት ስትሄድ የሱፍ ካልሲ ሠርታ ትወስድና፣ «ለሚኒስትሩ አድርሺልኝ» ትላለች። ጸሐፊዋ ሚስ ፓሪ ልቧን ላለመስበር ዝም ብላ ትቀበላታለች።

ሳቃችሁ? እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። እኚያው ሚኒስትር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሰው አንሶናልና ዝመቱ ተባለ። ኤምሪስ ግን ከሰሉም ለጦርነቱ ስለሚያስፈልግ፣ የከሰል ሠራተኛ በመሆኑ አይገደድም ነበር። መቅረት ይችላል። መቅረትም ፈልጓል።

«እማዬ፣ እኔ ብሄድ አንቺን ማን ያይሻል?» አላት።

«ያበሉኝ ሰው ጠይቀው እንዴት እምቢ ይባላል? ውለታ አለብን። ሂድ ልጄ።»

ሄደ። በዚያው ቀረ።

መርዶው በደረሰ ሳምንት ሴትዮዋ ፖስታ ቤት መጣች። «ልጄን እንደሰጠኋቸው ነግረሽልኛል?» ብላ ጠየቀች።

ሚስ ፓሪ ከዚህ በላይ መሸሸግ አቃታት። «እማማ፣ ሰውየው ስምዎንም አያውቁት። ጡረታው በሕግ የተሰጠ መብትዎ ነው። የማንም ውለታ የለብዎትም።»

አሮጊቷ ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ» አለች።

ወገኖቼ፣ ይህን ሳስብ አንጀቴ ያርራል። ሰውየው ለድኻ ያሰቡት መልካም ነበር፤ ሕጉም ስንቱን ሽማግሌ ከልመና አውጥቷል። እኔን የሚያመኝ የጸሐፊዋ ዝምታ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ደግ ነበረች እኮ።

እናንተስ? ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ደሞዟን ስትቀበል ጎንበስ ብላ እጃችሁን ስትስም፣ «የላብሽ ነው» ብላችኋታል? ባለጉዳይ ለአንዲት ፊርማ ሲመርቃችሁ፣ «ሥራዬ ነው» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ምርቃቱ ጣፍጧችሁ ዝም አላችሁ? ዝም ስንል እኮ በሰው ትከሻ ላይ የሌለ ሸክም እየጫንን ነው። ያ ሰው አንድ ቀን ምን አውጥቶ ሊከፍል እንደሚነሣ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም፤ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁም ሥራ ቦታችሁም ስትገቡ፣ የሚያገኙት መብታቸው እንደሆነ ንገሯቸው። ነገ አትበሉ። ለዚያች እናት የተነገራት ልጇ ከሞተ በኋላ ነው።