ከፕሪንተሩ ፊት ያለው ወንበር

አንድ ጠርጣራ ሰው ነበር፤ ደምሰው ይባላል። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተሮች ደኅንነት ኃላፊ ነው። የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ በግራ እጁ ይሸፍናል። «እንዴት አደርክ?» ያለውን ሰው እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብሎ ሳያስብ አይመልስለትም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት በትልቁ አትሞ ከጠረጴዛው በላይ ለጥፎታል። ለእንዲህ ያለ ሥራ እንዲህ ያለ ሰው አይከፋም ነበር፤ ጥርጣሬው የሚያየው በአንድ ዓይኑ ብቻ ሆነ እንጂ።

በየወሩ ከውጭ እየመጣ ፕሪንተሮቹን የሚጠግን ላቀው የሚባል ሰው ነበር። አንድ ቀን ሥራውን ጨርሶ ወደ ደምሰው ቢሮ ገባ። በዚያ ሰዓት ጋሽ ወንድይራድ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ጋሽ ወንድይራድ የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ናቸው፤ ደምሰውን አስቀጥረው ሥራ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

«አቶ ደምሰው፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለ ላቀው። «በኮምፒውተሩና በፕሪንተሩ መካከል ሆኖ የሚያስተረጉም ትንሽ ፕሮግራም አለ አይደል? ድራይቨር የምንለው። እሱ ላይ ቀዳዳ ተገኝቷል። መጨረሻ የታተመው ወረቀት፣ ፋይሉን ቢያጠፉትም እሱ ጋ ይቀራል።» ይህን ብሎ «ድገም» የሚለውን ተጫነ። ፕሪንተሩ ጉር ጉር ብሎ አንድ ወረቀት አወጣ። ደምሰው ጠዋት ጽፎ፣ አትሞ፣ ፋይሉን ያጠፋው፣ ለሌላ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው የሥራ ማመልከቻ ነበር።

ደምሰው ወረቀቱን ነጠቀው። ፊቱ ደም መሰለ።

«ማን ንካ አለህ?»

«አምራቹ ራሱ ያወጀው ነው፤ አደጋው ዝቅተኛ ነው ይላል። እዚሁ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ካልሆነ ማንም አይደርስበትም። ማስተካከያውም ወጥቷል፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

«እዚህ ወንበር ላይ ከእኔ በቀር ማን ይቀመጣል? ደግሞስ ማስተካከያ ብለህ የምትጭንብኝ ነገር ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው!»

ላቀው መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። ደምሰው በዚያው ቀን ላቀው ግቢውን እንዳይረግጥ አዘዘ፤ አልበቃ ብሎት ፎቶግራፉን ዋናው በር ላይ አስለጠፈ። ማስተካከያውን ከአምራቹ ራሱ አውርዶ መጫን ይችል ነበር። ግን አደጋው ዝቅተኛ ነው ተብሏል፤ የተናገረውም ሰው አላማረውም። ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኑ የላቀው እጅ ላይ ስለነበር፣ ጋሽ ወንድይራድ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ይመለከቱ እንደነበር አላየም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የሠራተኞች የዕድገት ፈተና ደረሰ። ደምሰው ማንንም ስለማያምን ጥያቄዎቹን ማክሰኞ ዕለት በገዛ እጁ አትሞ፣ ፋይሉን አጥፍቶ፣ ወረቀቱን ካዝና ውስጥ ቆለፈበት። ሐሙስ ጠዋት ግን ከተፈታኞቹ አንዷ ጥያቄዎቹ ከማን እንደመጡ ሳይታወቅ እጅ ለእጅ ዞረው ቀድመው እንደደረሷት ተናግራ ወረቀቱን ለፈተና ኮሚቴው አስረከበች። ግርጌው ላይ ፕሪንተሩ ራሱ የሚያትመው ቀንና ሰዓት አለ፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5፡40።

«ላቀው ነው!» አለ ደምሰው። ለምስክርነትም ጋሽ ወንድይራድን ይዞ ኮሚቴው ፊት ቀረበ።

«አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «ድገም የሚለውን አንዴ ሲጫነው ወረቀቱ ወዲያው ወጣ። ያን ጊዜም ይህ ልጅ አላማረኝም ነበር።»

ተጠርቶ የመጣው ላቀው የመሣሪያ ቦርሳውን ታቅፎ ቆሟል። ቀጣሪው ድርጅት ነገሩ ከተረጋገጠበት እንደሚያባርረው ነግሮታል። በስርቆት የተባረረ ጠጋኝ ደግሞ ማን ቢሮውን ከፍቶ ያስገባዋል?

የኮሚቴው ሰብሳቢ የበሩን ዘበኛ አስጠሩ።

«ይህ ሰው ማክሰኞ ግቢ ገብቷል?»

«ኧረ በምን በኩል?» አለ ዘበኛው፤ ወደ ደምሰውም ዞረ። «ጌታዬ፣ እሱ እንዳይገባ ፎቶውን ያስለጠፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ከዚያ ወዲህ ዛሬ እስኪጠራ ድረስ በአጠገባችንም አላለፈ።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላበጡ። «ታዲያ ማክሰኞ በ5፡40 ያ ወንበር ላይ ማን ነበር?»

ደምሰው ጎንበስ ብሎ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ትዝ አለው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጥያቄዎቹን ካዝና ውስጥ ቆልፎ እንደጨረሰ፣ ጋሽ ወንድይራድ ሲገቡ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር፣ ጋሼ» ብሏቸዋል። «በእግዚአብሔር፣ ተቀመጥ ልጄ» ሲሉትም «በሞቴ» ብሎ በራሱ ወንበር ላይ አስቀምጧቸዋል። ከዚያ ለራሱ ወንበር ፍለጋ ወጣ። ኮምፒውተሩን አልቆለፈም። የትልቅ ሰው ዓይን እያየ መቆለፍ «ሌባ ነዎት» ከማለት አይተናነስም፤ ጠርጣራው ደምሰው እንኳ ይህን አይደፍርም። በፈተናው የሚቀመጥ የእኅት ልጅ እንዳላቸውም ያውቃል።

ዝም ቢል ይችል ነበር። ላቀውን ቀና ብሎ አየው። ላቀው መሬት መሬት ያያል። ደምሰው አፈረ።

«ጋሽ ወንድይራድ ነበሩ» አለ። «ያስቀመጥኳቸውም እኔ ነኝ። ላቀው አስጠንቅቆኝ ነበር፤ አባረርኩት።»

ጋሽ ወንድይራድ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ኮሚቴው ጉዳዩን ጨርሶ እስኪነሣ ድረስ እየጠረጉ ነበር።

በዚያው ቀን ደምሰው የበሩን ፎቶግራፍ በገዛ እጁ ገነጠለው። ከዚያ ላቀውን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቢሮው ወሰደው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ቆለፈ፤ ቀጥሎ ወንበሩን ስቦ «ኖር» አለው። ላቀው ሣቅ እያለ ተቀመጠ። «እንዲህ ነው እንጂ። አሁን ይክፈቱልኝና አጠገቤ ቆመው ይዩ።» ማስተካከያው፣ የቀረበላቸው ሻይ ሳይበርድ ተጭኖ አለቀ።

ወዳጄ፣ አደጋው ትንሽ ነው ሲሉህ አትደንግጥ፤ ግን አትናቀው። «ከወንበሩ የተቀመጠ ብቻ ነው የሚደርስበት» ካሉህ፣ ወንበሩን ለማን ለማን እንደምትለቅ ቁጠር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። መጠርጠርም አይከፋም፤ ቀዳዳውን ትቶ ቀዳዳውን ያሳየህን ሰው መጠርጠር ግን በርን ዘግቶ ሌባን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው።

አንተስ ከበርህ ላይ የማንን ፎቶግራፍ ለጥፈሃል? «ኖር» ያልከውስ ለማን ነው?